ሎላ ሞንቴዝ ስፔናዊት አልነበረችም

ሎላ ሞንቴዝን «ከስፔን መኳንንት ተወልዳ ተዋናይት የሆነች እመቤት» ብለው ለጻፉት ወንድማችን አንድ እርማት ላቅርብ። ይህ በሰፊው የሚነገር ታሪክ ሴትዮዋ ራሷ በ1843 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ በስፔናዊት ዳንሰኛነት ስትቀርብ የፈጠረችው ነው፤ እውነተኛ ስሟ ኤሊዛ ጊልበርት ሲሆን የተወለደችውም በ1821 አየርላንድ ውስጥ፣ ከእንግሊዝ ጦር መኮንን ነው። ማዕረጓ ግን ሐሰት አይደለም፤ የባቫሪያው (በደቡብ ጀርመን የነበረ መንግሥት ነው) ንጉሥ ቀዳማዊ ሉድቪግ ወዷት በ1847 የላንድስፌልድ ካውንተስ የሚል የመኳንንት ማዕረግ ሰጥቷታል፣ እሱም በማግስቱ ዓመት ዙፋኑን ለቋል። በ1852 አሜሪካ ውስጥ፣ ይህንኑ የባቫሪያ ቆይታዋን በሚያሳይ ተውኔት ራሷን ሆና ተወነች (ድፍረቷ መቼም ያስገርማል)። ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን፣ ግሪንዉድ መካነ መቃብር የቆመላት ድንጋይ «ወይዘሮ ኤሊዛ ጊልበርት» ይላል፤ በ39 ዓመቷ ብትሞትም ዕድሜዋን 42 አድርጎታል።