«ሠራተኛው ተደራጀ» ብላ ጻፈች

ባለፈው ወር አንዲት ጓደኛዬ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቷ ጠራችኝ። የሥራ ማመልከቻ አብረን እንድናይ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ያለ አንድ የሠራተኞች ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ይፈልጋል። ማስታወቂያው «የሠራተኛ ማደራጀትና የዘር ፍትሕ» ይላል። እሷ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ካሸር ነበረች። ከዚያ ውስጥ አራቱን ዓመት የዩኒየን፣ ማለትም የሠራተኛ ማኅበሩ፣ ተጠሪ ሆና ሠርታለች። ማስታወቂያውን ደጋግማ ከፍታ ደጋግማ ዘግታዋለች።

ሪዙሜዋን አየሁት። ዘጠኙ ዓመት በአንድ መስመር አልቋል፦ «ካሸር፣ ፓርኪንግ»። ከቨር ሌተሯ ደግሞ ሠራተኛው ተደራጀ፣ ኮንትራት ተፈረመ፣ ኢንሹራንስ ተገኘ ይላል። የጻፈችው በእንግሊዝኛ ነው፤ ይሉኝታው ግን የኛው ነው።

«ማን ነው ያደራጀው?» አልኳት።

«እኛ።»

«እኛ ማን?»

«አንተ ደግሞ! እኔ ነኝ ልበል? ሰው ምን ይለኛል?»

ትንሽ ቆይታ ከመሳቢያ አንድ ደብተር አወጣች። የዕቁብ ደብተር ነው። ከፊት በኩል የዕቁብተኛው ስምና የጣለው ብር። ገልብጠው ከኋላ ሲከፍቱት ሌላ ዝርዝር አለ፤ የሠራተኛው ስም፣ የሚሠራበት ጋራዥ፣ ፈረቃው። አንድ ምልክት ያለበት የዩኒየን ካርድ ፈርሟል። ሁለት ምልክት ያለበት ፈርሞ ሌላ ሰው ያመጣል። ምልክት የሌለው ገና ነው፤ ከጎኑ «ሚስቱን አናግሪ» የሚል ማስታወሻ ያለበትም አለ። ሱፐርቫይዘሩ ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቃት «ዕቁብ ነው» ትለው ነበር። አልዋሸችም።

ይህን ሥራ ሌሎች ሥልጠና ገብተው ነው የሚማሩት። እሷ ግን ሪዙሜዋ ላይ አላስገባችውም። ዕቁብ ሰብስባ ለዓመታት አንድ ሰው እንኳ ሳይቀየማት የሰው ገንዘብ መያዟንም እንደ ሥራ አልቆጠረችውም።

እንግዲህ የኔ ነገር ይሄ ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎች ለመሪነት ማመልከት አለባቸው። ቀጣሪዎቹም በር ላይ የሚገትሯቸውን መስፈርቶች ያንሱ። «ማስተርስ ዲግሪ ይመረጣል» ይላል ማስታወቂያው። ለምን? ካሸር ለማሳመን ማስተርስ አያስፈልግም። ገንዘብ ማሰባሰብ እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ። የዳይሬክተር ቀን ግማሹ ፋውንዴሽን ደጅ መጥናት ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ግራንት መጻፍ ግን ሰው ከሥራው ላይ ሆኖ ይማረዋል። ሌሊት 8 ሰዓት ከፈረቃ የሚወጣን ሰው መኪናው ድረስ አብሮ ሄዶ ማነጋገርን ኮሌጅ አያስተምርም።

ሌላም ነገር አለ። ዩኒየን ውስጥ መሪ በምርጫ ነው የሚመጣው። እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የአካባቢ ዩኒየኖች ቢያንስ በየሦስት ዓመቱ መሪዎቻቸውን እንዲመርጡ ያስገድዳል። ይህን ማስታወቂያ ባወጣው ዓይነት ድርጅት ውስጥ ግን ዳይሬክተሩን የሚቀጥረው ቦርድ ነው። የሚወከለው ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ የለውም። ስለዚህ ማን እጩ እንደሚሆን የሚወስነው ያቺ ማስታወቂያ ናት።

ታሪክ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ያቆመኛል፤ ልክም ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 የባቡር አልጋ ክፍል አስተናጋጆች፣ ፑልማን ለተባለው ኩባንያ የሚሠሩት ጥቁሮች፣ ማኅበር ሲያቋቁሙ መሪ ያደረጉት ፊሊፕ ራንዶልፍን ነው። ራንዶልፍ አስተናጋጅ አልነበረም፤ መጽሔት አዘጋጅ ነበር። የመረጡትም ለዚያው ነው። ኩባንያው ሊያባርረው አይችልማ። ከፑልማን ጋር ኮንትራት እስኪፈራረሙ 12 ዓመት ፈጀባቸው። ግን ልብ በሉ፤ ሄደው ያመጡት አስተናጋጆቹ ራሳቸው ናቸው። ደግሞ ከዚያው ማኅበር ኢ ዲ ኒክሰን የሚባል አስተናጋጅ ወጥቷል። መደበኛ ትምህርቱ ሁለት ዓመት እንኳ አይሞላም። አላባማ ውስጥ ባለችው በሞንትጎመሪ ከተማ ቅርንጫፉን ይመራ ነበር። በ1955 ሮዛ ፓርክስ አውቶቡስ ላይ ለነጭ ተሳፋሪ አልነሳም ብላ ስትታሰር በዋስ ካስወጧት ሰዎች አንዱ እሱ ነው፤ የአውቶቡስ አድማውንም ከጠነሰሱት አንዱ ነው። የዛሬው ማስታወቂያ ኒክሰንን ኢንተርቪው አይጠራውም።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። ጓደኛዬን ያስፈራት ማስተርሱ ብቻ አይደለም። «የዘር ፍትሕ» የሚለው ነው። ዘር የሚለው ቃል ለኛ ጆሮ ሌላ ነገር ነው። አገር ቤት ያለውን ሁሉ ይዞ ይመጣል። «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» ተብሎ ያደገ ሰው ማስታወቂያውን የሚዘጋው እዚህ ጋ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን የሠራተኛ ጉዳይና የጥቁር ጉዳይ ተለያይተው አያውቁም። እ.ኤ.አ. በ1968 ሜምፊስ ላይ 1,300 ያህል ጥቁር የጽዳት ሠራተኞች አድማ የመቱት ሁለት ጓደኞቻቸው ቆሻሻ መኪና ውስጥ ተጨፍልቀው ከሞቱ በኋላ ነው። ማርቲን ሉተር ኪንግ የተገደለው እነሱን ሊደግፍ ሄዶ ነው። የኛም ሰው ከዚህ ውጭ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ሲያትል አጠገብ ያለችው የሲታክ ከተማ የአየር ማረፊያና የሆቴል ሠራተኞች የሰዓት ክፍያ ዝቅተኛው 15 ዶላር እንዲሆን በሕዝብ ድምፅ ስትወስን ልዩነቱ 77 ድምፅ ብቻ ነበር። ከአየር ማረፊያው ሠራተኞች ብዙዎቹ የምሥራቅ አፍሪካ ስደተኞች ናቸው።

ማመልከቻው ውስጥ አንድ ጥያቄ ነበር፦ ስለ ዘር ከባድ ውይይት የመራሽበትን አጋጣሚ ጻፊ። «እንደዚህ ያለ የለኝም» አለችና ልትዘለው ነበር። ሻይ ስትቀዳ ነው ወሬው የመጣው።

የጋራዡ ሱፐርቫይዘር «ሐበሻ ታታሪ ነው» ማለት ይወድ ነበር። ኦቨርታይሙን ለሐበሾች ይሰጣል። ጥቁር አሜሪካውያኑን ታችኛው ወለል የሌሊት ፈረቃ ላይ ይመድባል፤ ሲያጉረመርሙ «እነሱን እዩ፣ አያማርሩም» ይላቸዋል። የኛዎቹ በሙገሳው ደስ ይላቸው ነበር። እኔም ብሆን ደስ ይለኝ ነበር፤ መዋሸት አልፈልግም። ያ ሙገሳ ግን ጉርሻ ውስጥ የተደበቀ መርዝ ነው። የሰዓት ክፍያው ለሁሉም ያው ነው፣ ኢንሹራንስ ለማንም የለም፣ ሁለቱ ወገን ግን አይነጋገርም።

እሷ ምን አደረገች? ሐበሾቹን ለብቻ ቡና ጠራቻቸው። የኮንትራት ድርድሩ ኮሚቴ ውስጥ ከሁላችን በፊት ጋራዡ ውስጥ የነበሩት ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ይግቡ አለች። ተቆጡ። «ለምን የኛ ሰው አይሆንም?» አሏት። «እሳቸው የኛ ሰው ካልሆኑ እኔም አልገባም» አለቻቸው። ሦስት ሰዎች ቡናውን ሳይጨርሱ ተነስተው ሄዱ። አንዱ እስከ ዛሬ አያናግራትም። ሽማግሌው ግን ገቡ።

«ይሄ አይደለም እንዴ የጠየቁሽ?» አልኳት።

«ይሄማ ጭቅጭቅ ነው» አለችኝ።

ቃል በቃል እንደነገረችኝ ጻፍነው። ያኮረፈውንም ሰውዬ ጨምሮ። ከቨር ሌተሩንም ከላይ እስከ ታች ቀየርነው፦ አደራጀሁ፣ ተደራደርኩ፣ አሳመንኩ። እያንዳንዷ «ሁ» እና «ኩ» ላይ ተከራክረናል።

የመጨረሻው ክርክር ደሞዝ ላይ ነበር። ዲሲ ውስጥ ከ2024 ጀምሮ ቀጣሪ ማስታወቂያው ላይ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ክፍያ የመጻፍ ግዴታ አለበት። ስለዚህ ሁለቱም ቁጥር ፊታችን ነው። ማመልከቻው ስንት ትጠብቂያለሽ ይላል። ዝቅተኛውን ጻፈች።

«ለጋራዡ ሠራተኛ ስትደራደሪ ከዝቅተኛው ነበር የምትጀምሪው?»

ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ አጥፍታ ከፍተኛውን ጻፈችና ላከችው። ማመልከቻው የሚዘጋው ሌሊት 6 ሰዓት ነበር፤ ሩብ ጉዳይ ብሎ ነበር።