ዓይን ጨፍኖ ዋስ ለሚሆን ወገን

በእስራኤል የምትኖሩ ወገኖቼ ሆይ፣ ይህን ተግሳጽ የምጽፍላችሁ ለዘመድ ያላችሁን ፍቅር ለመንቀፍ አይደለም፤ በዚያ ፍቅር ስም የብድር ሰነድ ሳታነቡ የምትፈርሙበትን ልማድ ለመቃወም ነው። «የአጎቴ ልጅ ነው፣ እንዴት እምቢ እለዋለሁ?» ትሉና ዋስ ትሆናላችሁ። የብድሩን ልክ፣ የወለዱን አካሄድ፣ ተበዳሪው ከየት አምጥቶ እንደሚከፍል አትጠይቁም፤ መጠየቁንም ነውር ታደርጉታላችሁ። የምትኖሩባት አገር ግን ይህን መከራ በገዛ ገበሬዎቿ ላይ አይታዋለች፤ የሞሻቭን፣ ማለትም የየራሳቸውን ማሳ እያረሱ በማኅበር የሚተባበሩ ገበሬዎችን መንደር፣ ታሪክ ብትመረምሩ ታገኙታላችሁ።

የመጀመሪያው የሠራተኞች ሞሻቭ ናሃላል እ.ኤ.አ. በ1921 በኢይዝራኤል ሸለቆ ተመሠረተ። ከመሥራቾቹ አንዳንዶቹ ቀደም ሲል ንብረትና ሥራ ሁሉ የጋራ በሆነባት በደጋንያ ኪቡጽ የኖሩ ሲሆኑ፣ አዲስ መንደር የፈለጉት እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ቤትና ገቢ ኖሮት ልጆቹን በራሱ ጣሪያ ሥር እንዲያሳድግ ነበር። ረግረጉን አደረቁ፣ ከወባ ጋር ታገሉ። አርክቴክቱ ሪቻርድ ካውፍማን መንደሩን በክብ ቅርጽ ነደፈው፤ የጋራ ሕንፃዎቹ መሐል ላይ፣ ቤቶቹ በዙሪያቸው፣ የየቤተሰቡም እርሻ ከቤቱ በስተጀርባ ወደ ውጭ እየሰፋ የሚሄድ ሆነ። መሬቱ የሕዝብ ነው፣ ገበሬው በራሱ እጅ ይሠራል፣ ግዢና ሽያጩ በጋራ ይፈጸማል፣ ችግር ሲመጣ አንዱ ሌላውን ይረዳል የሚሉት መርሖች እዚያ በሥራ ላይ ዋሉ።

ከእነዚህ ሁሉ እናንተ ልታስተውሉት የሚገባው የእርስ በርስ ዋስትናው፣ አንዱ አባል ለሌላው ዕዳ ዋስ መሆኑ ነው። ገበሬው ዘርና መኖ በብድር የሚወስደው በማኅበሩ በኩል ነበር፣ ወተቱንና እህሉንም የሚሸጠው በዚያው በማኅበሩ በኩል ነበር፤ ስለዚህ ዕዳው ከሽያጩ ላይ እየተቀነሰ ይከፈላል፣ የማን ላም እንደታለበች፣ የማን ማሳ ጾም እንዳደረ ጎረቤት ሁሉ ያያል። ዋስትናው ጸንቶ የቆመው አባላቱ ከሌላው ሰው የተለየ ደግነት ስለነበራቸው ብቻ ሳይሆን፣ ዋሱ የተበዳሪውን ሥራና ገቢ በየዕለቱ ስለሚያይ ነው። የእኛም አባቶች በጎንደር መንደሮች ለሰው ዋስ ሲሆኑ የዚያን ሰው በሬና አዝመራ ያውቁ ነበር።

የእስራኤል መንግሥት ከተመሠረተ በኋላ ከየመን፣ ከሞሮኮ፣ ከኩርዲስታንና ከሌሎች አገሮች ለመጡ ስደተኞች ብዙ ሞሻቮች ተቋቋሙ። ብዙዎቹ ነዋሪዎች ይህን የማኅበር ኑሮ መክረውበት የመረጡት አልነበረም፤ ሥርዓቱን ተዘጋጅቶ አገኙት፣ ዋስትናውንም ከነሸክሙ ተረከቡ። ይህን የምነግራችሁ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ግዴታ መረከብ ምን ማለት እንደሆነ ከእኛ የተሻለ የሚረዳ ስለሌለ ነው።

በጊዜ ብዛት ብድሩ በአካባቢ ደረጃ በተደራጁ የግዢ ማኅበራት በኩል መምጣት ጀመረ፤ አንድ መንደር ለሌላው መንደር ዋስ ሆነ። አንዳንድ ገበሬዎች ደግሞ ምርታቸውን ከማኅበሩ ውጭ ለነጋዴ መሸጥ ጀመሩ፤ ከሽያጭ ላይ ዕዳ የመቀነሱ መንገድ በዚያው ተበላሸ። ግሽበቱ እጅግ በናረበት ዘመን የገንዘብ ዋጋ ሲወርድ ዕዳውም አብሮ የሚቀል ስለሚመስል፣ መበደር ትርፍ ይመስል ስለነበር ሒሳቡን አጥብቆ የሚጠይቅ ጥቂት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 መንግሥት ግሽበቱን ለመግታት የማረጋጊያ እርምጃ ሲወስድ እውነተኛው ወለድ፣ ማለትም ግሽበቱ ተቀንሶ የሚቀረው ወለድ፣ ከፍ አለ፣ ዕዳውም ከመክፈል አቅም በላይ ሆነ። ማልዶ ላሙን ያለበ፣ የራሱን ብድር በወቅቱ የከፈለ ገበሬ ስለማያውቀው ሰው ዕዳ ተጠያቂ ሆነ። የግዢ ማኅበራቱ እየተንኮታኮቱ ሄዱ፤ እ.ኤ.አ. በ1992 የገበሬ ቤተሰቦችን ዕዳ የሚያስተካክል ሕግ እስኪወጣ ድረስም ብዙ ቤት ተጨነቀ።

እነዚያ ገበሬዎች ከኋላቸው የሚያርሱት መሬት ነበራቸው፣ በአገሪቱ ምክር ቤት በክኔሴትም የሚናገርላቸው ሰው ነበራቸው። እናንተ ያላችሁ የወር ደሞዝና በብዙ ድካም የያዛችሁት ቤት ነው፤ ሕግ ወጥቶ ይታደገናል ብላችሁ የምትጠብቁት ነገር የለም። ታዲያ ምን ተማምናችሁ ነው የምትፈርሙት? «ሒሳብ ብጠይቅ ዝምድናችን ይበላሻል» የምትሉ ሆይ፣ ዝምድናን የሚያበላሸው ባንኩ የእናንተን ደሞዝ ሲይዝ በሁለት ቤት መካከል የሚገባው ቂም ነው፤ በዚህ ምክንያት በለቅሶ ቤት እንኳ የማይነጋገሩ ወንድማማቾች በመካከላችን አሉ።

ስለዚህ ዋስ ሁን የሚላችሁን ሰው የደሞዝ ወረቀቱንና የቀሩበትን ዕዳዎች አምጣ በሉት። ዕብራይስጡ የሚከብዳችሁ ከሆነ ሰነዱን ተበዳሪው ሳይሆን ሌላ የምታምኑት ሰው ያንብብላችሁ፤ ዋስትናችሁ እስከ ስንት ሸቀል እንደሚደርስም በቁጥር ተጽፎ እዩ። ልጆቻችሁ ሰነዱን ሲያነቡ «ዝም በል፣ የትልልቆች ጉዳይ ነው» አትበሏቸው፤ ዕዳው ነገ የእነርሱን ቤት ያንኳኳልና። ይህን ሁሉ የማያሳያችሁን ሰው፣ የእናታችሁ ልጅ ቢሆን እንኳ፣ ከኪሳችሁ የምትችሉትን ስጡትና ፊርማችሁን ከልክሉት።