ላልተገዙት ቁጭተኞች የቀረበ ውዳሴ

ሰሞኑን ደግሞ በየስልካችን የሚዞረው የኮትዲቯሯ ከተማ የአቢጃን ድልድይ ሆኗል። በብረት ገመድ ተወጥሮ፣ ማታ ማታ በመብራት የሚያሸበርቀው ድልድይ ፎቶው ተለጥፎ፣ ከሥሩ የለመድነው ዓረፍተ ነገር ሰፍሯል፤ «ቅኝ ተገዝተን ቢሆን ኖሮ እኛም እዚህ በደረስን ነበር።» ቁጭተኞቻችንን እናንተም ታውቋቸዋላችሁ። በካፌውም፣ በታክሲ ሰልፉም፣ በለቅሶ ድንኳኑም አሉ፤ የዐድዋ ነገር ሲነሣ እንደ ሐዘንተኛ አንገታቸውን ደፍተው «ምን ያደርጋል» የሚሉት ናቸው። አርቆ አሳቢነታቸውን እስከ ዛሬ በወጉ ያመሰገነላቸው ስለሌለ፣ ምስጋናውን እኔ ላቅርብ።

በቅድሚያ ዓይናቸውን አደንቃለሁ። ያ ድልድይ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው፤ ኮትዲቯር ነጻ ከወጣች 63 ዓመት ሆኗት ነበር። የገነባውም የቻይና ተቋራጭ ነው። ይህ ግን ቁጭተኛን አያደናቅፈውም፤ ፈረንሳዊው አገረ ገዥ ከሄደ ከ63 ዓመት በኋላ በቻይና ብረት ድልድይ ሲዘረጋ የሚታየው ለእርሱ ብቻ ነውና።

ከትምህርታቸው ሁሉ አብልጬ የምወደው «ሲሄዱም ቢሆን ጥለውልን የሚሄዱት ነገር ነበር» የሚለውን ነው። ለዚህ ጊኒን የሚያህል ምስክር አይገኝም። የፈረንሳዩ መሪ ዠኔራል ደጎል እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 28 ቀን 1958 ለአፍሪካ ቅኝ ግዛቶቻቸው ሕዝበ ውሳኔ አቅርበው፣ በአዲሱ የፈረንሳይ ማኅበረሰብ ውስጥ ይቆዩ እንደሆነ ሲጠይቁ፣ ከሁሉም መካከል «አይሆንም» ያለችው ጊኒ ብቻ ነበረች። ኦክቶበር 2 ቀን ነጻነቷን አወጀች። ፈረንሳዮቹም በጥቂት ጊዜ ውስጥ መምህራቸውን፣ ሐኪማቸውንና መሐንዲሳቸውን ሰብስበው ወጡ፤ ሲወጡም መዝገብ ማቃጠላቸው፣ የስልክ መሥመር መንቀላቸውና ከየቢሮው አምፖል ሳይቀር ፈትተው መውሰዳቸው ሲተረክ ኖሯል።

እዚህ አምፖሉ ላይ ትንሽ ብቆይ ቅር እንዳትሰኙ። አንድ ታላቅ መንግሥት፣ የቮልቴርና የሩሶ አገር፣ ሥልጣኔን ለጨለማው አህጉር ላብራ ብሎ ባሕር ተሻግሮ መጥቶ፣ ስድሳ ዓመት ካበራ በኋላ አምፖሉን ፈትቶ ሲሄድ ይታያችሁ። ሥራው እንዲሁ በዘፈቀደ የሚከናወን አይመስለኝም። መሰላል የሚይዝ አንድ ሠራተኛ ይኖራል፤ ወጥቶ የሚፈታም አንድ ሌላ፤ ከታች ቆሞ «አምፖል፣ አንድ፣ የሚሠራ» ብሎ የሚመዘግብ ጸሐፊም አይጠፋም። የተቃጠለው አምፖልስ? እርሱ ለጊኒ ሕዝብ በስጦታ ይተው ወይስ እርሱም ይቆጠር ተብሎ ስብሰባ ተቀምጦ ይሆናል። የተፈታው በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ በሣጥን ታሽጎ፣ «ሥልጣኔ፣ ተሰባሪ ዕቃ» ተብሎ ተጽፎበት ወደብ ይወርዳል። ማርሴይ ሲደርስ ደግሞ የጉምሩኩ ሹም ሣጥኑን ከፍቶ «ይህ ምንድን ነው?» ሲል፣ «ለአፍሪካ የሰጠነው ብርሃን ነው፤ ምስጋና ስለጎደላቸው መልሰነዋል» ይባላል። ከዚያ በአንድ የገጠር ማዘጋጃ ቤት ኮሪደር ላይ ተሰክቶ ሲበራ፣ ግብር ሊከፍል የመጣው ገበሬ የማንን ብርሃን እየሞቀ እንደሆነ ሳያውቅ ያልፋል። የእኛ ቁጭተኛ ግን ይህን ሁሉ ሰምቶ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «ስንት ሻማ ነበር?»

አምፖሉ አልበቃ ብሎ፣ ጊኒ እ.ኤ.አ. በ1960 የራሷን ገንዘብ ስታወጣ የፈረንሳይ የስለላ መሥሪያ ቤት ሐሰተኛ የጊኒ ፍራንክ አሳትሞ በገበያዋ በተነ፤ ይህንንም የመሥሪያ ቤቱ ሹም የነበሩ ሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ራሳቸው ተናግረውታል። ከአምፖሉ በተቃራኒ ይህ ስጦታ ሳይቆጠር የተሰጠ ነው። የጊኒው ፕሬዚዳንት ሴኩ ቱሬም ቢሆኑ መልአክ አልነበሩም፤ አዲስ አበባ ተቀምጦ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን በመጀመሪያው ዋና ጸሐፊነት ያገለገለውን ዲያሎ ቴሊን በቦይሮ እስር ቤት በረኃብ የገደለው የእርሳቸው መንግሥት ነው። ቁጭተኛው ይህን ሲሰማ «አላልኳችሁም!» ይላል፤ የአገሬው አምባገነን ክፋት የቅኝ ገዢ የምስክር ወረቀት ይመስለዋል።

«እሺ» ያሉትስ ምን አገኙ? ሴፋ ፍራንክን አገኙ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1945 የተፈጠረው ይህ ገንዘብ ዛሬም በ14 አገሮች ይሠራበታል፤ ኖቱ ለአሥርት ዓመታት የታተመው ፈረንሳይ ውስጥ ሻማሊዬር በምትባል ከተማ ሲሆን፣ አገሮቹም ከውጭ ምንዛሪ ክምችታቸው ግማሹን፣ ቀድሞም ከዚያ የሚበልጠውን፣ ፓሪስ ግምጃ ቤት እንዲያስቀምጡ ተገድደው ኖረዋል። አያቶቻችን «የሰው ወርቅ አያደምቅም» ማለታቸው እንግዲህ ኋላ ቀርነት ነበር። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1994 ዳካር ላይ፣ የፈረንሳይ ሚኒስትር በተገኘበት ስብሰባ፣ ለአንድ የፈረንሳይ ፍራንክ ይመነዘር የነበረው 50 ሴፋ በአንድ ጊዜ 100 ሆነ። ማታ የተኛ ሰው ጠዋት ፋርማሲ ሲሄድ ከፈረንሳይ የመጣው መድኃኒት በእርሱ ገንዘብ ሲታሰብ ዋጋው እጥፍ ሆኖ ጠበቀው። እኛ ምስኪኖች ብራችን ሲወድቅ የምንወቅሰው የራሳችንን ሰው ነው፤ ጥፋቱን የሚጋራን የባሕር ማዶ ሚኒስትር እንኳ የለንም።

ቁጭተኛው ሁልጊዜ የሚያነሣው ደግሞ ባቡሩን ነው። ባቡር እኛም ዘንድ ሳንገዛ መጥቷል፤ የፈረንሳይ ኩባንያ የዘረጋው ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ገብቷል። በኮንጎ ግን ተገዝቶ ባቡር ማግኘት ምን እንደሚያስከፍል ታይቷል። ከብራዛቪል እስከ ፖይንት ኗር ለሚደርሰው የ510 ኪሎ ሜትር መሥመር እ.ኤ.አ. ከ1921 እስከ 1934 ድረስ ከቻድና ከዛሬዋ መካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ሳይቀር ወንዶች ከየመንደራቸው በግድ እየታፈሱ መጡ። የማዮምቤን ተራራና ጫካ እንዲበሱ የተሰጣቸው አካፋና ዶማ ነበር። በበሽታ፣ በረኃብና በድካም ያለቁት ወደ 17,000 እንደሚጠጉ ይገመታል። በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ከ30 በላይ ሬሳ ማለት ነው። ይህን አውቆ «ባቡር ግን ሠርተዋል» የሚል ሰው ታሪክ አልጠፋውም፤ የጠፋው ሐፍረት ነው። የሌላው ልጅ አጥንት በተነጠፈበት ሐዲድ ላይ ተቀምጦ ለመሄድ መጎምጀት ምኞት አይባልም፤ ነውር ነው።

ሳይንሱንም ልርሳው አልፈልግም። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 ባለው ጊዜ በአልጄሪያ ሰሃራ 17 የኒውክሌር ሙከራ ስታደርግ፣ 11ዱን ያደረገችው አልጄሪያ በ1962 ነጻ ከወጣች በኋላ ነው። የእኛ ምሩቃን ግን እንዲህ ያለ ቤተ ሙከራ በደጃቸው አላገኙም።

ያም ሆኖ ቁጭተኞቻችን ተስፋ አይቁረጡ፤ ሰሞኑን ክፍት ቦታ በዝቷል። የፈረንሳይ ወታደሮች እ.ኤ.አ. በ2022 ከማሊ፣ በ2023 ከቡርኪና ፋሶና ከኒጀር፣ በ2025 ደግሞ ከቻድና ከሴኔጋል ወጥተዋል። እነዚያ ምስጋና ቢሶች በእጃቸው የነበረውን አላወቁትም። ስለዚህ ወረፋው ሳይረዝም ማመልከቻችሁን ጻፉ፤ የልምድ ማስረጃ አያስፈልግም፤ የሚመጣው ገዢ አምፖሉን ይዞ መምጣቱን ግን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ሲሄድ ፈትቶ የሚወስደው የእናንተን እንዳይሆን።