እርማት፦ የውኃ ሳህን የከሰልን መርዝ አይመጥም

እህቴ፣ «ከሰሉ ጭሱን ጨርሶ ፍም ከሆነ አጠገቡ ሳህን ውኃ አስቀምጦ፣ በር ዘግቶ መተኛት ይቻላል» ያልሽው ስህተት ነው። ገዳዩ ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፤ ከቀላው ፍምም በብዛት ይወጣል። ውኃ ውስጥ እምብዛም ስለማይሟሟ ሳህኑ የሚይዘው አቧራ ብቻ ነው። ጋዙ ኦክስጅን ከሚሸከመው የደም ክፍል ከሄሞግሎቢን ጋር ግን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። ያለሽባት ባሕር ዳር ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ራሱ ሳሳ ያለ፣ ኦክስጅኑም ያነሰ ነው።

በታኅሣሥ ብርድ መሞቅ ካማረሽ ማንደጃውን ውጭ አቀጣጥይ፤ ቤት ውስጥ ሲሆን በርና መስኮት ክፈቺ (ለትንኙ አጎበር አለ)። ከመተኛትሽ በፊት አውጪው። አመድ ማልበስ አያጠፋውም፤ ለሰዓታት ውስጥ ውስጡን ይነዳል። ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከጀመረሽ ወዲያው ውጪና ጤና ጣቢያ ሂጂ።