«እኔ የትም ይመቸኛል»

ስምንት አዲስ አበቤዎች አብረው እራት ለመብላት ሲመካከሩ ያየ ሰው በሕዝባችን ጨዋነት ቢኮራ አይፈረድበትም። ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ይከፈታል። አንዱ ደፈር ብሎ «ቅዳሜ የት እንገናኝ?» ይላል። ከዚያ ወዲያ የሚዘንበው ትሕትና ነው፦ «እኔ የትም ይመቸኛል»፣ «እናንተ ደስ ያላችሁ ቦታ»፣ «ብዙኃኑ ካለው አልወጣም»። «ክትፎ አምሮኛል» ብሎ ራሱን የሚያዋርድ አንድም አይገኝም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ ስምንቱም ክትፎ እንዳማራቸው ስምንቱም ያውቃሉ። ግን ሰው ቤት ሄደን «በልቼ ነው የመጣሁት» እያልን ያደግን ልጆች ነን፤ በስልክም ቢሆን አስተዳደጋችንን አናሰድብም።

የትም የሚመቸው ሰው እውነተኛ ችሎታው የሚታየው ግን ቦታ ሲጠራ ነው። ቦሌ ሲባል «ቦሌ ጥሩ ነበር፣ መኪና ማቆሚያው ነው እንጂ»። ሲኤምሲ ሲባል ለለቡዎቹ ያዝናል፤ ለቡ ሲባል ለሲኤምሲዎቹ። ሃያ ሁለት ሙዚቃው አያስወራም። ሳሪስ ለሚለው መልሱ አጭር ነው፦ «ሳሪስ?»። ልብ በሉ፣ አንዱንም አልተቃወመም፤ ለሌላው አሰበ እንጂ። እሱ ራሱማ የትም ይመቸዋል።

ነገሩን በድምፅ ብልጫ እንጨርሰው የሚል ዘመናዊም አይጠፋም። አራት ሰፈር ደርድሮ፣ ማንም እንዳይከፋው ብሎ ከሥር «ሁሉም ይመቸኛል» የሚል አምስተኛ ምርጫ ይጨምርበታል። አሸናፊው የትኛው እንደሆነ መንገር አንባቢን መናቅ ነው።

በአንድ ድምፅ የምንስማማበት ቤት የለንም ማለት ግን ስም ማጥፋት ይሆናል። አለን። ችግሩ፣ ቤቱ ፈርሷል። በኮሪደር ልማቱ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ካዛንቺስ ሲነሡ፣ አብረው የሄዱት ጠባብ ምግብ ቤቶች በአንድ ሌሊት ወደር የማይገኝላቸው ሆኑ። «ያቺ ካዛንቺስ የነበረችው ብትኖር እኮ አንጨቃጨቅም ነበር» ይላል አንዱ፤ ሰባት ቀይ ልብ ይደረደርለታል። ቆማ ሳለች «ወንበሯ አይመችም፣ መጸዳጃ ቤቷም…» እየተባለች የታለፈችው ይህችው ቤት ናት። ከተማችን ውስጥ ምግብ ቤት ሙሉ ድምፅ የሚያገኘው ግሬደር ካለፈበት በኋላ ነው፤ ባለቤቶቹ ይህን አውቀው ቢጽናኑ መልካም ነው።

ከሁሉ የሚያስቀናው የጾም አያያዛችን ነው። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ 55 ቀን ሁዳዴ አለ፣ የነቢያት አለ፣ ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታ አለ። ይህን ሁሉ በቃሉ የሚያውቅ ሰው ቀጠሮው ከቅዳሜ ወደ ረቡዕ ሲገፋ ትንፍሽ አይልም። ሥጋ ቤት ገብቶ፣ ከሰሉ አጠገብ ተቀምጦ፣ የጎረቤቱ ጥብስ በሸክላ እየተንጫጫ ሲያልፍ ነው ግንባሩን የሚመታው፦ «ውይ! ዛሬ ረቡዕ ነው ለካ!» ወዲያው «ዓሣ አላችሁ?» ይመጣል። ዓሣ በጾም ይበላል የሚሉት በአንድ ወገን፣ አይበላም የሚሉት በሌላ ወገን ይሰለፋሉ። አስተናጋጇ ሊቃውንቱ እስኪስማሙ እስክሪብቶዋን እንደያዘች ትቆማለች። ሥጋ ቤቱ ዓሣ ኖሮት እንደማያውቅ ለመናገር ጣልቃ መግባት ትፈራለች።

ሙስሊሙን ጓደኛችንንም ረስተነው አናውቅም። በራፉ ላይ መስቀል የተሣለበት ሥጋ ቤት ይዘነው ስንገባ «ለእኔ ሽሮ ይበቃኛል፣ አትጨነቁ» ይለናል፤ እኛም አንጨነቅም። ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ሽሮ እየበላ አብሮን አለ። «እሱ እኮ ሲበዛ ቀለል ያለ ልጅ ነው» እያልን እናመሰግነዋለን፣ ጥብሱን እየጎረስን። ስምንታችንን ከአንድ ትሪ የሚያበላ፣ ማንንም የማያስቀር ምግብ በየሰፈሩ እንዳለ የሚጠቁም ሞኝ ቢገኝ መልሱ ዝግጁ ነው፦ «በያይነቱ ልንበላ ነው ከቤት የምንወጣው?»

ስለ ሰዓት ብዙ አልልም። «መንገድ ላይ ነኝ» የሚለው ሰው ድምፅ ከመታጠቢያ ቤት ቢያስተጋባም፣ መገናኛ ነው ካለ መገናኛ ነው።

ሲደረስ ሜኑ ይታደላል። ሜኑ ማንበብ የብቸኛ ሰው ሥራ ስለሆነ ማንም አይገልጠውም፤ ይልቅ «ምን አላችሁ የኔ እናት?» ይባላል። አስተናጋጇ ታወርደዋለች፦ ክትፎ፣ ዱለት፣ ቋንጣ ፍርፍር፣ ደረቅ ጥብስ፣ ቅቅል፣ ተጋቢኖ። ሁሉም በጥሞና ይሰማል። ሲያበቃ «እሺ፣ ምን ይሻላል?» ትባላለች። «ሁሉም አሪፍ ነው» ትላለች፤ እሷም የኛው ልጅ ናት። እንደገና እንድትጠራው ትጠየቃለች። በመጨረሻም ከሁሉም የተቀላቀለበት ማኅበራዊ ይታዘዛል፣ ከመጀመሪያውም ይኸው እንደሚታዘዝ እየታወቀ። ጥግ ላይ የተቀመጠችው «እኔ ውኃ ብቻ» ትላለች። ትሪው ሲመጣ በጉርሻ ብቻ ከማንም በላይ ትበላለች፤ ያልታዘዘ ምግብ ስለማይቆጠር ንግግሯ ሐሰት አይሆንባትም።

ሒሳቡ ሲመጣ፣ ሜኑው ላይ ያልታዩት 15 በመቶ ቫትና በአንዳንድ ቤት 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ አብረው ይመጣሉ። እስካሁን አንድ ሰፈር መርጦ መጥራት ያቃተው ሁሉ አሁን ቆራጥ ይሆናል። «እኔ ልሙት፣ አትከፍልም!»፣ «ባለፈው አንተ ነበርክ!»፣ «ዛሬማ በእኔ ነው!»። ድሮ ይህ ትግል በእጅ ነበር፤ ጉልበት ያለው ይከፍል ነበር። ዛሬ ሰባት ስልክ በአንድ ላይ ይወጣል፣ ቴሌብርም የባንክ መተግበሪያም ይከፈታል፣ ከዚያ ሁሉም ስክሪን ላይ ያቺ ክብ መዞር ትጀምራለች። «ኔትወርኩ ነው» ይባባላሉ፣ ስልካቸውን ወደ ጣሪያው ከፍ እያደረጉ፣ አንዱም የኤርፕሌን ሞዱን ሳያጠፋ። የጥግዋ ባለውኃ ስልክ ጭጭ ብሎ ይከፍላል። «ውይ፣ ምነው እንዲህ ታደርጊያለሽ! እኔ እኮ ልከፍል ነበር!» የሚል ጩኸት ከየአቅጣጫው ይነሣል። ሰባቱ ስልኮች ወደ ኪስ የተመለሱበት ፍጥነት ግን ምንም የኔትወርክ ችግር አልነበረበትም።