የሁላችንም አያት የፓርላማ ተመራጭ ነበሩ

ምስጋና ለልጅ ልጆች ይሁን! አያታቸውን ከሞቱ በኋላ ፓርላማ ላስገቡ ጀግኖች። እናንተም ታውቋቸዋላችሁ፣ ሰሞኑን ደግሞ ብሶባቸዋል። ካባ የደረቡ ሽማግሌ ያሉበት የደበዘዘ ፎቶ ይለጥፉና ከሥሩ "አያቴ፣ በጃንሆይ ዘመን የአውራጃችን የፓርላማ ተመራጭ" ይላሉ። ከዚያ ያ ሁሉ ሰው "ነፍሳቸውን ይማር፣ ድሮ ሰው ነበር" እያለ ይሰለፋል።

ሒሳቡን እንሥራው እስቲ። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወደ 200,000 ሕዝብ ላለው የምርጫ ወረዳ የሰጠው ሁለት እንደራሴ ነው (ተለቅ ላለ ከተማ ትንሽ ይጨመርለታል)። ምርጫው በየአራት ዓመቱ ነበር። የመጨረሻው በ1965 ተደረገና አለቀ፤ በድምሩ አምስት ዙር። ሁለት ሲባዛ በአምስት፣ አሥር ወንበር። ደጋግሞ የተመረጠ ካለ ሰዎቹ ከአሥርም ያንሳሉ። እኔ ግን ከአንድ የምርጫ ወረዳ ብቻ የማውቃቸው "የተመራጭ የልጅ ልጆች" አንድ አውቶቡስ ይሞላሉ፤ ያውም የእያንዳንዱ አያት የተለያዩ።

አንዱን ልንገራችሁ። አያቱ የተመረጡት በ1959 ነው። በ1959 ምርጫ አልነበረም፤ በ1957 ነበር፣ በ1961 ነበር፣ እሳቸው ግን ተመረጡ። በየትኛው ፓርቲ? "በተቃዋሚ!" ይላል ሳያፍር፤ ያኔ ፓርቲ የሚባል ነገር እንዳልነበረ፣ ሁሉም በግሉ እንደሚወዳደር ማን ይንገረው። በሌላ ቀን ደግሞ ለፓርላማው የላይኛው ምክር ቤት፣ ለሴኔት "ተመረጡ"። የሴኔቱን አባላት የሚሾሙት ጃንሆይ ራሳቸው ናቸው፤ እኚህ ሰው ግን በሕዝብ ድምፅ አሸንፈው ገቡ። ገብተውም ዝም አላሉ፣ ጃንሆይን ፊት ለፊት "አይሆንም!" አሏቸው። ጃንሆይም ፈገግ አሉ (በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ ጃንሆይ ሁልጊዜ ፈገግ ይላሉ)። በድፍረታቸው ተደንቀው አምስት ጋሻ መሬት ሸለሟቸው። አያት "የድሃ መሬት አልነካም" ብለው እንቢ አሉ። እንቢ ያሉትን መሬት ቤተሰቡ እስከ 1967 ድረስ ያሳርሰው ነበር። ማስረጃው? ፎቶው ነዋ! ከፓርላማው ሰዓት ሥር ቆመው የተነሱት። ለርስት ሙግት አዲስ አበባ የመጣ ሰውም እዚያው ቆሞ መነሳት ይችል እንደነበር ልነግረው አሰብኩና ተውኩት።

አሁን ግን ቀልድ የለም። ለእንደራሴነት ወንበር ለመወዳደር በምርጫ ወረዳው ውስጥ ንብረት እንዲኖርህ ሕጉ ያስገድድ ነበር። ጭሰኛ ይመርጣል እንጂ መመረጡ የማይታሰብ ነው። የጭሰኛውን ዕጣ ትንሽ ያቀልላል የተባለው ረቂቅ አዋጅ እዚያው ምክር ቤት ገብቶ ዓመታት ተጎለተ፣ ሳይጸድቅም አብዮቱ ደረሰ። ማን ጎለተው? ከባለመሬቱ ወገን የተቀመጠው እንደራሴ ነዋ! ሰውየው የምርቱን እኩሌታ እየገበረ ልጁ ጦሙን ሲያድር እነሱ ቀጠሮ ይሰጣሉ። አያትህ እውነት ተመራጭ ከነበሩ በዚያ ረቂቅ ላይ ምን አሉ? ይህን አንድም ሰው ለጥፎ አላየሁም። ደግሞስ ያ ሁሉ ጭሰኛ ዘር አልተካም? የልጅ ልጆቹ የት ገቡ?

ይቅር፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። አውራጃ የሚባለው ራሱ ከቀረ ስንት ዘመኑ፣ ተመራጮቹ ግን ዛሬም በየቀኑ ይጨምራሉ። ምዝገባ የለ፣ ሰልፍ የለ፣ ኮሮጆ የተገለበጠበት የለ። ቨርጂኒያ ሶፋ ላይ ጋደም ብለህ በአንድ ፎቶ አያትህን ታስመርጣለህ፣ ውጤቱም ወዲያው ይጸድቃል።

ያንን ባለ 1959ኙን ወዳጄን ባለፈው አገኘሁትና "ወረዳው እኮ ሁለት ወንበር ነበረው፣ አንዱ አያትህ ከሆኑ ሁለተኛው ማን ነበሩ?" አልኩት።

"የእናቴ አባት ናቸዋ!"