ሃያ ሴኮንዱን ተዉትና በሩን እዩት

በግንቦት 2005 ዓ.ም. ኢሻ ካሬ የተባለች የ18 ዓመት የካሊፎርኒያ ተማሪ በኢንቴል ዓለም አቀፍ የሳይንስና ምህንድስና ውድድር 50 ሺህ ዶላር ስትሸለም፣ «ስልክ በ20 ሴኮንድ የሚሞላ ፈጠራ» ተብሎ ተወራ። ወሬው ዛሬም አልፎ አልፎ በቴሌግራም ይደርሰኛል፤ ከሥሩ «እኛስ መቼ ነው?» የሚል አይጠፋም።

ልጅቱ ግን ስልክ አልሞላችም። የሠራችው ሱፐርካፓሲተር፣ ማለትም እንደ ባትሪ ኤሌክትሪክ የሚያከማች ዕቃ፣ ያበራው አንዲት ትንሽ የኤልኢዲ መብራት ነው። ባትሪ እንደ እንስራ ነው፤ ብዙ ይይዛል፣ አንገቱ ስለሚጠብ ቀስ ብሎ ይሞላል። ሱፐርካፓሲተር አፈ ሰፊ ጣሳ ነው፤ ወዲያው ይሞላል፣ የሚይዘው ግን ጥቂት ነው። እርሷ የደከመችው ጣሳውን ለማተለቅ ነበር። 10 ሺህ ጊዜ ያህል እየተሞላ መሥራቱም ከፍጥነቱ ባልተናነሰ ሊወራለት ይገባ ነበር።

እኔን የሚያስቀናኝ ሽልማቱ አይደለም። ምርምሩን የሠራችው ሳንታ ክሩዝ ባለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለች በሩ ተከፈተላት።

ባለፈው ወር አዳማ መናኸሪያ አካባቢ ስልኬን ላሠራ ገብቼ፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ የሚሆን ልጅ የላፕቶፕ ባትሪ ፈልቅቆ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ በቴስተር ሲለካ አየሁት። ደህናዎቹን በሰማያዊ እስክሪብቶ ምልክት ያደርግባቸዋል። «ጋሼ፣ የሞቱት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ አራቱ ገና ይሠራሉ» አለኝ።

«እነዚህ ሁለቱ ለምን ቀደሙ?»

ትከሻውን ነቀነቀ። «እሱን ማን ይነግረኛል?»

ጥያቄው የጥገና ቤት ጥያቄ አይደለም። ከከተማችን በላይ በኮረብታው የተተከሉት የአዳማ አንድና ሁለት የነፋስ ተርባይኖች በድምሩ 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው፤ ነፋሱ ግን ሰው እራት በሚያበስልበት ሰዓት ልንፈስ ብሎ አይቀጠርም። ኃይል ማከማቸት ለአዳማ የሩቅ አገር ወሬ ሊሆን አይገባም ነበር።

ከተማዋ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አላት። ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ የላቦራቶሪ ረዳት፣ ጥቂት ያረጁ ባትሪዎች፤ ለመጀመሪያ ከዚህ በላይ አልጠይቅም። «ልጆች ዕቃ ይሰብራሉ» የሚል መምህር እንደሚኖር አውቃለሁ። ይሰብራሉ፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ ሁለት ቴርሞሜትር ሰብሬአለሁ። ያ ልጅ ግን የሞቱትን ሁለት ድንጋዮች አልጣላቸውም፤ በላስቲክ ጠቅልሎ መሳቢያው ውስጥ አስቀምጧቸዋል።